ዋይታ ወይስ ኡኡታ

ግራና፣ መስከረም 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጁነይድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። መጀመሪያ «ውድ ባሌ» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ስምህን ብቻ ስጽፈው ደግሞ ደረቀብኝ። አንተ እንደመሰለህ አንብበው።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ኢሕሳን ነው። ቤተሰቡን ሊጠይቅ መጥቶ ሳዑዲ ጅዛን ገበያ ላይ እንዳየህ፣ ከሳ ብትልም ደህና እንደሆንክ ነገረን። ስምንት ወር ሙሉ ስልክህ ጥሪ አልቀበል ብሎ ከርሞ፣ መኖርህን የሰማሁት ከሰው አፍ ነው። ደስ ይበለኝ ወይስ ልቆጣ፣ እስካሁን አልለየሁትም።

እንዳትደነግጥ፤ እናታችን አሉ። ግራ እግራቸው ተሰብሮ ነበር፣ አሁን አልሐምዱሊላህ ሕመሙ እየተሻላቸው ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ ከሌላ ሰው ተዛብቶ ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

ከእናትህ ግቢ መውጣቴን ሰምተህ ይሆናል። አልተጣላንም። መርሳ ቃዲው ዘንድ ሄጄ ፍቺ ከጠየቅሁ በኋላ እሳቸው ቤት መብላቱም ማደሩም አሳፈረኝና፣ ከመንገዱ ማዶ እትዬ ሀስና ጓሮ ያለችውን ክፍል ተከራየሁ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲጥል የሰነበተው ዝናብ ከአስር ሶላት በኋላ ፋታ ሰጠና ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ከእናታችን ግቢ ጩኸት መጣ።

«ዋይ! ዋይ ልጄ!»

ጁነይድ፣ ስልክህ ከጠፋ ወዲህ ያንን ድምፅ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ልጆቻቸው ባሕር ላይ የቀሩባቸው የሰፈራችን እናቶች ሁሉ መርዶ ሲነገራቸው እንደዚያ ነው ያሉት። ሌላ ትርጉም አልመጣልኝም። ጭቃው ላይ ዘጭ ብዬ እኔም ዋይ አልኩ። ምን ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ እትዬ ሀስና እንደነገሩኝ ስምህን እየጠራሁ ደረቴን ስደቃ ነበር።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የመጣው ግን ወደ እኔ ነው። አንዷ እጄን ትይዛለች፣ አንዷ ውሃ ትረጨኛለች። ሼህ ጀብሪል «ኢና ሊላሂ» ካሉ በኋላ፣ «ዙልፋ፣ በቃሽ! ለሞተ ሰው እንዲህ መጮህ ሐራም ነው፤ ዱዓ አድርጊለት» እያሉ ይገሥጹኛል። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። በኋላ እትዬ ሀስና ትከሻዬን ይዘው፣

«መርዶውን ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«እናቱ ዋይ ሲሉ ሰማሁ።»

«ታዲያ እሳቸውስ የታሉ? የልጃቸው መርዶ ከሆነ እንዴት ደጅ አልወጡም?»

ሁላችንም ወደ እናታችን ግቢ ዞርን። ከዚያ ግቢ ምንም አይሰማም። ያኔ ሮጥን።

ዝናብ ያላላው የድንጋይ ካብ ፍየሏን ሊፈቱ ጎንበስ እንዳሉ ተንዶባቸው፣ ከወገባቸው በታች ቀብሯቸዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ዓይናቸው ግን ክፍት ነበር። ድንጋዩን በእጃችን አነሳን። እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ፣ እስከ መርሳ በባጃጅ፣ ከዚያ ወልድያ። ሐኪሙ እግራቸውን በጄሶ እያሰረ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታወጧቸው ይህን ያህል ደም ባልፈሰሳቸው ነበር» አለ። ለማንም ብሎ አይደለም። እኔ ግን ለእኔ ያለው መሰለኝ።

ሐኪም ቤቱ በረንዳ ላይ ሼህ ጀብሪል ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። «ኡኡታ ሰው ድረስልኝ ማለት ነው፤ ዋይታ ግን ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። አንቺ የሰማሽው ዋይታ ነው። ምን ጥፋት አለብሽ?» አሉኝ።

እትዬ ሀስና ተቆጡ። «ድንጋይ የተጫነው ሰው ቃል መርጦ ይጮሃል እንዴ ሼህ?»

ማናቸው ልክ እንደሆኑ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን እናታችን ትንሽ ሲሻላቸው ራሳቸውን ጠየቅኋቸው።

«እማ፣ ያን ቀን ዋይ ነው ያሉት ወይስ ኡኡ?»

«እኔ ምን አውቄ? አፌ ላይ የመጣውን ነው ያልኩት።»

«ዋይ ልጄ ሲሉ እኮ ጁነይድ የሞተ መስሎኝ ነው።»

«ጁነይድማ ባሕር ማዶ አይደል? እንዴት አድርጎ ይሰማኛል? አንቺን ነበር የምጠራ። ሙሽራ ሆነሽ ከገባሽ ወዲህ በስምሽ ጠርቼሽ አውቃለሁ?»

እውነታቸውን ነው፤ አንድ ቀን ዙልፋ ብለውኝ አያውቁም፤ ሁሌም «ልጄ» ነው የሚሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቴ አልረጋልኝም። እሳቸው እኔን ሲጠሩኝ እኔ አንተን አለቀስኩ። ያለቀስኩልህ አንተ ደግሞ ገበያ ለገበያ ትዞራለህ። የቀጠሮዬ ቀን ቃዲው ዘንድ ስቀርብ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«ለባልሽ እንዲያ ዋይ ያልሽ ሴት ዛሬም ፍቺ ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

«አላውቅም ተብሎ መዝገብ ላይ አይጻፍም» ብለው ለጥቅምት ቀጠሩኝ። ለምን አዎ እንዳላልኩ አትጠይቀኝ። የክፍሏን ቁልፍ ለእትዬ ሀስና መልሼ ግቢያችን ገብቻለሁ። ለእግራቸው ብዬ ነው፤ ብቻቸውን አይነሱም።

እናታችን ድምፅህን መስማት ይፈልጋሉ። የእሳቸው ስልክ ከካቡ ሥር ደቅቆ ስለቀረ በእኔው ደውል፤ ቁጥሩን ኢሕሳን ይዞታል። አንስቼ ዝም ካልኩ መስመሩ የተቋረጠ እንዳይመስልህ። ትንሽ ጠብቅ።

አላህ አንተን አይንሳን፤ ከክፉ ሰው ከክፉ ቀን ይጋርድህ፣ እናትህን በዓይንህ ለማየት ያብቃህ።

የእናትህ ምራት፣
ዙልፋ