ጌታሁን እንቅልፍ ፍለጋ ደጄ መጣ

ግርማዬ፣ የቤቴ ምሰሶ፤

ከተለያየን ስምንት ዓመት ሞላን። ሰላምታዬን በየት በኩል እንደምልክልህ ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ሰው ለሟቹ መቃብር አለው፣ እኔ የለኝም። የት እንደጣሉህ የሚያውቅ ሰው ካለ ከፊት ለፊታችን ያለው ጌታሁን ነው። በቀበሌው ስብሰባ ላይ ጣቱን የቀሰረብህም እሱ፣ ሲወስዱህ ጠመንጃ ይዞ አብሮ የሄደውም እሱ። ስንት ጊዜ ለመንኩት መሰለህ! አላውቅም እንዳለ አለ።

ቤታችን ደህና ነው። ልጃችን ሂሩት አስረኛ ክፍል ገብታለች፤ ቁጣዋ ቁርጥ አንተን ነው። የሽቦ አልጋህም አለ። በሙቀት ጊዜ ግቢ አውጥተነው፣ በሽርጥህ ተጋድመህ፣ አቦ ትንሽ ዝም በይ ልተኛበት እያልክ ትለምነኝ ነበር። እኔ ደግሞ አንተ ተኝተህም ወሬዬን አላቆምም ነበር።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ግን እኔን እንቅልፍ ከዳኝ። የት ወድቀህ ይሆን እያልኩ ሲነጋ አያለሁ። ጠበል ገባሁ፣ ኪኒን ዋጥኩ፣ ምንም የለም። አምና ውጭ አገር ተምሮ የመጣ አንድ ሐኪም ኪኒኑን አስጥሎኝ ሌላ ነገር አዘዘኝ። ዓይንሽ ሳይከብድ አልጋ ላይ አትውጪ፤ ካልመጣልሽ ተነሺና ቁጭ በይ፤ መቼም ተኚ መቼ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሺ፤ የቀን እንቅልፍ ክልክል ነው አለኝ። በድሬዳዋ ፀሐይ! ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁም ሰዉም ውሻውም የሚተኛበት አገር መሆኑን ረሳው እንዴ ብዬ ተናደድኩበት። ደግሞ የሚያብሰለስልሽን ለሌሊት አታቆዪው፣ ቀን ላይ ግማሽ ሰዓት ቀጠሮ ስጪው፣ አስበሽ ሲበቃሽ ተነሺ አለኝ።

እኔም ሐሳቤን ስምንት ሰዓት ላይ ቀጠርኩት። ከተማው ጭር ሲል በርጩማዬን ይዤ ደጃችን ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ስር እቀመጣለሁ፣ ፊቴን ወደ ጌታሁን በር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንተን ማሰብ፣ እሱን መርገም። ሐኪሙ የት ተቀመጪ አላለኝ! ጌታሁን መጀመሪያ መስኮቱን ከፍቶ አየኝና ዘጋው። ኋላ በመጋረጃው ስር መሹለክለክ ጀመረ። ሦስት ወር አንድ ቀን አልቀረሁም። ሕክምናው ሠራልኝ፣ ለጥ ብዬ ማደር ጀመርኩ። የሱ እንቅልፍ ግን ጠፋ። ሌሊቱን ግቢውን ሲዞር ያድራል ብላ ሚስቱ ስታወራ ሰማሁ። ደስ አለኝ ግርማዬ፤ ምን እዋሽሃለሁ፣ እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ባለፈው ሳምንት ራሱ መጣ፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቶ። እትዬ አልማዝ፣ ምን አድርገሽ ዳንሽ፣ በሞቴ ለኔም ንገሪኝ አለ። ያዘንኩ መስዬ ሁሉንም ገልብጬ ነገርኩት። ገና ሲመሽ ግባና ተኛ፤ ባይመጣልህም ከአልጋህ ንቅንቅ እንዳትል፤ ሰዓትህን እያየህ ጠብቀው፤ ሌሊት ያጣኸውን ቀን ተኝተህ አካክሰው አልኩት። መረቀኝ! በሁለት እጁ ጨብጦኝ ሄደ።

ትናንት ብሶበት ተመለሰ። ያን ጊዜ ፊት ለፊት ነገርኩት፤ አውቄ እንዳሳሳትኩት፣ የሚያስተኛው ሌላ መሆኑን። ግርማን የት እንደቀበራችሁት ንገረኝና እነግርሃለሁ አልኩት። አንገቱን ደፋ። ከዚያ እያለቀሰ ተናገረ። በመልካ ጀብዱ መንገድ፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ ሁለት ግራር ያለበት ቦታ ነው አለ። ብቻህን እንዳልሆንክም ነገረኝ።

ነገ ከሂሩት ጋር እንመጣለን። እኔ ግን የሱን መድኃኒት አልነገርኩትም፤ አልነግረውምም። በሩን ዘጋሁበት። ቃልሽን አጠፍሽ ብለህ ትቆጣኝ ይሆናል፣ ተቆጣ። የነፍስ አባቴም ንስሐ ይስጡኝ፣ እቀበላለሁ።

እኔ አፈር እስክገባ አልረሳህም። እሱም እንዳይረሳህ አደርጋለሁ።

ሚስትህ አልማዝ