የካዛንቺሱ ፊደል ጸሐፊ የአቶ መብራህቱ ገብረዋህድ የሕይወት ታሪክ

አቶ መብራህቱ ከአባታቸው ከአቶ ገብረዋህድ ሐጎስና ከእናታቸው ከወ/ሮ ትበርህ ተስፋይ በ1952 ዓ.ም. አዲግራት ተወለዱ። በሰባት ዓመታቸው ከወላጆቻቸው ጋር አዲስ አበባ መጥተው ቂርቆስ አደጉ። ትምህርታቸውን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጡት በችጋር እንጂ፣ አንዳንድ ዘመድ እንደሚያወራው በስንፍና አልነበረም።

ለገሃር ታፔላ መጻፍ ለምደው በ1985 ዓ.ም. ካዛንቺስ የራሳቸውን የታፔላ ሱቅ ከፈቱ። ፊደላቸው ወፍራም፣ ጫፉ ጌጥ የሌለው፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ ነበር። «ሰው ታክሲ ውስጥ ሆኖ ነው የሚያነበው፤ ፊደሉም አብሮት ይሩጥ» ይሉ ነበር። ጋራዡ፣ ሥጋ ቤቱ፣ የኦሎምፒያ ጫማ ቤቶች፣ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለው አጥር ሁሉ የእሳቸው እጅ ነው። ፊርማ አያኖሩም ነበር፤ እጃቸውን የማያውቅ አልነበረምና። በ1987 ዓ.ም. ወ/ሮ አሰፋሽን አግብተው ፍዮሪንና ሃይለአብን ወልደዋል።

በግንቦት 1999 ዓ.ም. አንድ ማለዳ፣ በሰፈሩ አሥራ ስድስት ቤቶች ላይ በቀይ ቀለም «የሚፈርስ» ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። ፊደሉ የአቶ መብራህቱ ነበር። እሳቸው ግን አልጻፉትም። የቀድሞ ሸሪካቸው ጎይቶም ፊደላቸውን ቀለም እንዲያሳልፍ አድርጎ ቆርቆሮ ላይ ቀርጾ፣ ሰፈሩን ሊያፈርሱ ለመጡት ሰዎች ሸጦት ኖሯል።

ጎረቤት ግን መች ጠየቀ! «ቤታችንን የሸጥክ ሆዳም!» እያለ ከሱቃቸው ጎትቶ አውጥቶ በድንጋይና በፌሮ ቀጠቀጣቸው። ሦስት የጎድን አጥንታቸው ተሰበረ፤ ግራ ዓይናቸው እዚያው ፈሰሰ። ቀይ ቀለማቸውን ስለደፋባቸው ደሙ ከቀለሙ አልለይ አለ። ታናሽ ወንድማቸው ፀሃዬ በላያቸው ተኝቶ ሁለት ጥርሱን አጥቷል፤ እስከ ዛሬ ማንም አንስቶት ስለማያውቅ እዚህ ይመዝገብ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ዓይናቸው እንደታሸገ ወጥተው፣ በጎረቤታቸው በወ/ሮ ቡዜ ግድግዳ ላይ ካለው ጽሑፍ ጎን ያንኑ ቃል በእጃቸው ጻፉ። ያየ ጎረምሳ በቡጢ ጣላቸው። ከወደቁበት ሆነው፣ «እትዬ ቡዜ፣ የ‹ሚ›ን ክብ ይዩልኝ! ቆርቆሮ ሲሆን ውስጡ እንዳይወድቅ ማሰሪያ ይተውለታል፤ ክቡ ይቆረጣል። የኔ እጅ አይቆርጥም» አሉ። ወ/ሮ ቡዜ ሁለቱን አስተያይተው ራሳቸውን ያዙ፤ «ወይኔ ጉዴ! በቆርቆሮ ሥራ ነው የሰው ዓይን ያጠፋነው?»

ቤቶቹ በዚያው ክረምት ፈረሱ። አቶ መብራህቱ በአንድ ዓይን ስምንት ዓመት ሠሩ።

በስኳር ሕመም ሲማቅቁ የእድሩ ሽማግሌዎች ለይቅርታ መጡ። እሳቸው ግን «ድንጋዩስ ይሁን። ቀድሞ ‹መብራህቱ፣ አንተ ነህ ወይ?› የሚል አንድ ሰው ይጠፋል?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በሳምንቱ፣ ጥር 14 ቀን 2008 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ወንድማቸው ቀርተዋል።

ሳይጠይቅ የማይፈርድ አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ለቤተሰባቸው መጽናናትን፣ ያኔ ድንጋይ ላነሳ፣ ዛሬ ደግሞ ሬሳቸውን ለተሸከመ እጅ ሁሉ ልቦና ይስጥልን። አሜን።