ሐይቁ መሃል ወራጅ አለ

ሥርጉትዬ፣ ደሴት ላይ በሚሆነው ልብ ወለድሽ ውስጥ፣ ሐይቅ መሃል ከጀልባ የምትወርደውን ሴትዮ «ማን ያምነኛል» ብለሽ ልትሰርዣት ነው አይደል? ዛሬ ዝዋይ ላይ ጀልባችን እንደ አቃቂ ሚኒባስ እስክትሞላ ስትጠብቅ፣ ይህንኑ አጠገቤ ለተቀመጡት እማማ አደሴ አጫወትኳቸው። ተነስተን ሐይቁን ስናጋምስ ረጋ ብለው «ወራጅ አለ» አሉ። ሳቅኩ፤ ባለጀልባው ግን ሞተሩን አጠፋ። ለካ ባለቤታቸው በትንሽ ታንኳ ዓሣ እያጠመዱ ይጠብቋቸው ነበር። ምሳ ዕቃቸውን አቅፈው ወደ ታንኳው ተሻገሩና ዞር ብለው፣ «ታዲያ እኔን ከሰረዘችኝ ይሄን ሰውዬ ማን ያበላዋል በላት» አሉኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽንና ጃለታን ሳሚልኝ፤ የመጽሐፍሽን ሰዎች ደግሞ ጠጋ ጠጋ በሉ በያቸውና እማማን አስገቢያቸው።

ያንቺው ቀናው