ለመርሳ ጆሮ ላልተረፈው ሳተላይት

ይድረስ አውሮፕላኖችን በሳተላይት ለሚከታተለው መሥሪያ ቤት፣ ለክቡር ዋና ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎስ፣ ቤተሰብዎስ እንዴት ነው? እኔ በዚህ በመርሳ፣ ቤቴ ውስጥ ደህና አደርክ የሚለኝ ሰው ባይኖርም፣ አለሁ።

የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ ስለሆንኩ የሙያ ባልደረባዎ ነኝ ብል እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ጦርነቱ መንገዱን ሳይዘጋው ሚኒባሶችን በተራቸው ወደ ወልድያ የምሸኝ እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ፍረወይኒ ወልድያ ያለች የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ስትሄድም፣ ስትደርሺ ደውይልኝ ብዬ በሩን የዘጋሁላት እኔው ነኝ። በዚያው ቀን መንገዱም ስልኩም ተቋረጠ፤ መድረሷን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በሬዲዮ እንደሰማሁት ግን፣ በእርስዎ ትጋት በውቅያኖስም በበረሃም ላይ የሚበር አውሮፕላን ሁሉ ያለበትን ቦታ በየጊዜው ይናገራል፣ ሳተላይቱም ይሰማዋል፤ እንዳይጋጩና አጭሩን መንገድ እንዲያገኙ ነው አሉ። እሰየው። ምስጋናዬን አስቀድሜ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ፦

፩ኛ. ሳተላይቱ የሚያይ መስሎኝ ቆርቆሮ ጣሪያዬ ላይ በኖራ «ፍሬ ደርሳለች ወይ?» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ጎረቤቴ ወይዘሮ አለሚቱ፣ የጦር አውሮፕላን ሊጠራብን ነው ብለው ሰፈሩን አስነሱብኝና ወጥቼ አጠብኩት። ሳተላይቱ የሚሰማ እንጂ የሚያይ አይደለም ያለኝ ሬዲዮው ነው፣ ያውም ኋላ። ቀደም ብለው ቢያስታውቁን ኖሮ ኖራዬም ክብሬም ይተርፉ ነበር።

፪ኛ. ከመርሳ ወልድያ፣ ሲሪንቃን አልፎ፣ ቅርብ ነው፤ ውቅያኖስም የለበትም። በዚህች መንገድ ላይ ለአንዲት ሴት የሚጨነቅ መሣሪያ ስለምን እንዳልተፈለሰፈ ቢያስረዱኝ፤ ወይስ ከተማችን መርሳ ስለተባለች መርሳት የተፈቀደ መስሏችሁ ይሆን?

፫ኛ. አውሮፕላን ርቆ ባለፈ ቁጥር ሰው ሁሉ ሲደበቅ እኔ ግቢዬ ውስጥ ቆሜ አያለሁ። ውስጡ ያለው መንገደኛ የት እንደደረሰ የሚያውቅለት አለ። እቀናለሁ፣ አልደብቅዎትም። ፍሬ ናፍቃኛለች።

ከደመና በታች ላለው ጉዳይ ጊዜ እስኪያገኙ ድረስ ከመጠበቅ በቀር ሥራ የሌለኝ፣ በስሜም በዕጣዬም ታጋሽ የሆንኩ ታናሽ ባልደረባዎ፣

ይታገሱ ሀብቴ፣ ከመርሳ መናኸሪያ

ማሳሰቢያ፦ ፖስታ የሚያደርስ ስለጠፋ ይህን ደብዳቤ መናኸሪያው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ምናልባት እጅዎ ከገባ «ደረሰ» ብለው ብቻ ይላኩልኝ። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ከዚህ በር ወጥቶ መድረሱ የተነገረኝ ነገር እሱ ብቻ ይሆናል።