የፊት አሥራ ስድስት፣ የኋላ አሥራ ስምንት

ጥቅምት 4

ለጥገና ሁለት ወፍጮ ቤት ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀበቶ ተበጥሶበት ነው፤ ቀላል። ሁለተኛው "ሞተሩ ተቃጠለ፣ ይድረሱልን" ብሎ ነበር። ስደርስ የተቃጠለው ፊውዝ ነው፤ ቀይሬ አስነሣሁት። ባለ ወፍጮው "እርስዎን ሲያይ ፈርቶ ተነሣ" አለኝ። ማሽን ሰው አይፈራም። ሰው ነው ማሽን የሚፈራው፤ ስለማያነብ።

እዚያ ለመድረስ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ኮረኮንች አለ። መገንጠያው ላይ ወርጄ የሞተር ሳይክሌን ጎማ አስተነፈስኩ፤ በአየር መለኪያዬ የፊት 16፣ የኋላ 18። ስመለስ አስፋልቱ ጫፍ ላይ በእግር መንፊያ ነፋሁ፤ የፊት 24፣ የኋላ 30። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው። ኮረኮንች ላይ ጎማ ለስለስ ማለት አለበት፣ አለዚያ ድንጋዩ ያነጥርሃል። አስፋልት ላይ መጠጠር አለበት፣ አለዚያ ኩርባ ላይ ይከዳሃል። ለዚህ የሚሰንፍ ሰው ሁለቱንም መንገድ የምትሄድ ሞተር ሳይክል ባይገዛ ይሻለዋል። ሳስተነፍስም ስነፋም እዚህ እጽፋለሁ። ያልተጻፈ አልተሠራም።

መንፊያውን ስረግጥ የቀኝ ጉልበቴ ቀጭ ቀጭ አለ። ይበል።

ጥቅምት 9

እሑድ። አማቼን ሜዳ ወስጄ ስምንት ቁጥር አሽከረከርኩት። ልጄን ያገባ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ቤታቸው ከእኛ ጋር አንድ ጓሮ ይጋራል። እኔ "መቀስ" እለዋለሁ፤ በፊቱ። ሥራ ለመግባት ሁለት ታክሲ ይቀያይራል። "አባባ፣ ሞተር ሳይክል ያስተምሩኝ" ካለኝ ሦስተኛ ወሩ።

"አባባ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ወደቅኩ?"

"አልወደቅክም።"

"ታዲያ እንዲያው አያስመሰግንም?"

"አለመውደቅ ግዴታ ነው። ግዴታውን ለተወጣ ሰው ሲጨበጨብ የት አየህ?"

ሳቀ። ይህ ልጅ ሲሰደብም ይስቃል። ቤት ስንገባ ባለቤቴ "ደግሞ ዛሬ ምን አለህ?" አለችው። "ዛሬስ አሞገሱኝ፣ እማማ። አልወደቅክም አሉኝ።" ሁለቱ ተያይዘው ሳቁ። በእኔ ቤት፣ በእኔ ላይ።

እውነቱን ለዚህ ወረቀት ልንገረው... ልጁ ይችላል። ፍሪሲዮን ሲለቅ እጁ አይቸኩልም። የሰው ጆሮ አጠገብ ምላጭ የሚያንቀሳቅስ እጅ ነው። አልነገርኩትም። ይንቀባረራል።

ጥቅምት 17

ከተራራው ወዲያ ነኝ። ድንኳን፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ የመፍቻ ጥቅል። በዓመት አንዴ እንዲህ እወጣለሁ፤ ብቻዬን። ስነሣ ልጄ መንገዱ ላይ ቆመችብኝ። "አባዬ፣ ሰባ ሞልቶሃል እኮ!" "ሰባ አንድ ነው፤ ስትቆጥሪ በትክክል ቁጠሪ" አልኳት።

አስፋልቱ ሲያልቅ አስተነፈስኩ፤ የፊት 16፣ የኋላ 18። ከዚያ ሰባ ኪሎ ሜትር ድንጋይና አቧራ። ቁልቁለቱን ቆሜ ስነዳ ጉልበቴን ረሳሁት። ከኋላዬ አቧራዬ፣ ከፊቴ ማንም። እዚህ ማን ምን ይለኛል?

ጥቅምት 18

ደረስኩ። ኮረኮንች ሲሄዱበት ያልቃል፤ ሲመለሱበት ግን አያልቅም። ጉልበቴ አብጧል። ባለቤቴ ጫማዬን አወለቀችልኝ፤ እምቢ የምልበት አቅም አጣሁ። ሳልበላ ተኛሁ።

ጥቅምት 19

ጠዋት ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። መቀስን አስጠራሁትና "ዛሬ ሞተሯን ይዘሃት ሥራ ግባ" አልኩት። ብቻውን ለመጀመሪያ ጊዜ። ሄልሜቱን ሁለቴ አሰረ። ተንበርክኮ ጎማዋን ጫን ጫን አደረገና "አባባ፣ ትንሽ አልለሰለሰም? ልለካው?" አለኝ።

"የእኔን ጎማ አንተ ትለካለህ? ሂድ!"

ሄደ።

ከሰዓት የምጽፈው ነው። አደባባዩ ላይ ወደቀ። የግራ እጁ አንጓ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። የገጨው የለም፤ አደባባዩን ሲዞር ብቻውን ነው። "መሪው ዋኘብኝ" ይላል። መሪ አይዋኝም፤ የሚዋኘው ነጂ ነው። ሐኪም ቤት ስደርስ ሦስት የሥራ ባልደረቦቹ አልጋውን ከበዋል። "አንተ መንዳት የምትችለው ያቺን የምትሽከረከር ወንበርህን ነው" አልኩት። ሰዎቹ ሳቁ። እሱም ሊስቅ ሞከረ... አልሆነለትም። ልጄ ቀና ብላ አላየችኝም።

ጥቅምት 26

ሐኪሙ ሰባት ሳምንት በጄሶ ይቆያል አለ። ከዚያስ? "እናያለን።" ማበጠሪያ የሚይዝበት እጅ ነው። ማበጠሪያ ያልያዘውን ፀጉር መቀስ ምን ብሎ ይቆርጠዋል? ልጄ እንደነገረችኝ ባልደረቦቹ "አቶ አደባባይ" የሚል ስም አውጥተውለታል። ሊጠይቃቸው እስከ ፀጉር ቤቱ በር ይሄድና ሳይገባ ይመለሳል።

እኔ ምን ላድርገው? ነጂ ከወደቀ ነጂ ይጠየቃል።

ኅዳር 2

ሞተር ሳይክሏ ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ ጓሮ ቆማ ነበር። ዛሬ በጭነት መኪና ጎሚስታው ጋ አስወሰድኳት። መስታወቷ ረግፏል፣ የፍሪሲዮን እጀታዋ ታጥፏል። ጎሚስታው ጎማ ሲያይ እንደ ሐኪም ዝም የሚል ሰው ነው። ዛሬ ግን ዝም አላለም።

"ጋሼ፣ እነዚህን ጎማዎች ማን አስተነፈሳቸው?"

"ሲወድቅ ነዋ የተነፈሱት።"

"የውስጡ ላስቲክ ደህና ነው። ቸርኬውም አልጎበጠ።" መለኪያውን ዓይኔ ሥር አመጣው። "የፊት አሥራ ስድስት፣ የኋላ አሥራ ስምንት። መውደቅ ጎማ ያስተነፍሳል፣ ጋሼ። ለክቶ ግን አያስተነፍስም።"



ኅዳር 3

ገጾቹን ገለበጥኩ። ጥቅምት 17፣ "አስተነፈስኩ" ይላል። ጥቅምት 18... "ደረስኩ" ይላል፤ "ጉልበቴ አብጧል" ይላል። "ነፋሁ" የሚል የለም። አስፋልቱ ጫፍ ላይ አለመውረዴ አሁን ትዝ አለኝ። ከወረድኩ ተመልሼ የምወጣ አልመሰለኝም ነበር። ስድስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፣ ነገ እነፋታለሁ... ብዬ። ነገ ሲመጣ ለእሱ ሰጠኋት። ሊለካ ሲል ደግሞ ከለከልኩት።

"ሳልበላ ተኛሁ" ከሚለው በኋላ ለአንድ ቃል የሚበቃ ቦታ አለ። ብዕሩን አስጠጋሁ። ያው ቀለም፣ ያው እጅ። "ነፋሁ።" ማን ያነበዋል? ማንም። ታዲያ ልዋሸው የተነሣሁት ማንን ነው?

ብዕሩን ከደንኩት።

ኅዳር 5

አልነገርኩትም።

ኅዳር 8

ዛሬም። ጓሮ ውስጥ አገኘሁት። "አባባ፣ ሞተሯ ተጠገነች?" "ተጠገነች።" "አበላሸሁብዎት... ይቅርታ ያድርጉልኝ።" እሱ እኔን! "ግድ የለም" አልኩት። ግድ የለም! ማን ሆኜ ነው ይቅር የምለው?

ኅዳር 11

ለባለቤቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አላቆመችም።

"ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? የወደቅኩት እኔ ነኝ?"

"እንዴት ብዬ ልንገረው?"

"ስትሰድበው ቃል ጠፍቶህ ያውቃል?"

አርባ አራት ዓመት ኖረናል። እስከ ዛሬ ተሳስቻለሁ ስል ሰምታኝ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። "ሰምቼህ ቢሆን ቀኑን እይዘው ነበር" አለችኝ። ከተፋዋን ቀጠለች።

ኅዳር 12

ነገርኩት። "ይቀመጡ" ቢለኝም ቆሜ። ደብተሩን ከፍቼ ጥቅምት 17ን እና 18ን በጣቴ አሳየሁት። ልጄ በሩ ላይ ሆና ትሰማለች። እንደ ልማዱ ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀም።

"ልለካው ብዬዎት ነበር እኮ" አለ።

"ብለኸኛል።"

"ሦስት ሳምንት ሙሉ በሐሳቤ ያንን አደባባይ ስዞር ከረምኩ። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ እየፈለግኩ።"

"የትም አልተሳሳትክም። እኔ ነኝ።"

"ይህንን እዚህ፣ በር ዘግተን ነው የሚነግሩኝ? ስድቡን የሰጡኝ እኮ ሰው ፊት ነው።"

ልጄ "ተወው እንጂ፣ ሽማግሌ አይደል?" አለችው። ከስድቡ ሁሉ ይሄ ባሰብኝ። "ሽማግሌነት ጎማ አያስተነፍስም። ተይው፤ ልክ ነው" አልኳት።

ኅዳር 13

ቅዳሜ ስለሆነ ፀጉር ቤቱ ይሞላል። እኔም ሲሞላ ነው የፈለግኩት። አብረን ሄድን፤ በታክሲ። በሩ ላይ ሲቆም ቀድሜው ገባሁ። ሦስቱ ባልደረቦቹ፣ ፊቱ አረፋ የተቀባ አንድ ደንበኛ፣ ወረፋ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች።  

"ሐኪም ቤት ያንን ስድብ የተናገርኩት አማቱ ነኝ" አልኩ። "ጎማዋን ለኮረኮንች አስተንፍሼ፣ መልሼ ሳልነፋ ለአስፋልት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልለካ ሲልም የከለከልኩት እኔ ነኝ። ልጁ ነጂ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

የመላጫ ማሽን ሲጮህ ነበር፤ አንዱ አጠፋው። አረፋ የተቀባው "እንዲህ ያለ አማት ለእኔም ይስጠኝ" አለ። ወረፋ ከሚጠብቁት አንዱ "መጀመሪያ እጅህን እንዲሰብርልህ?" አለው። ሳቁ። ከባልደረቦቹ ትልቁ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ "እንግዲህ አቶ አደባባይ ማን ሊባል ነው?" አለ።

"እኔ።"

ደግመው ሳቁ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ስቀው እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኩ። መቀስ አልሳቀም፤ ግን ገባ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ አንዱ ቦታውን ለቀቀለት።

ስመለስ አብሮኝ አልመጣም።

ታኅሣሥ 10

ጄሶው ወለቀ። እጁ ቀጥኖ የሌላ ሰው እጅ መስሏል። ማበጠሪያ ይይዛል፤ አንድ ራስ እንደጨረሰ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ ለስላሳ ኳስ ጨብጥ አለው። "ወደ ቀድሞው ይመለሳል?" ብዬ ጠየቅኩ። "አብዛኛው" አለ። አብዛኛው ስንት ነው? ቁጥር ንገረኝ ብለው ሳቀብኝ።

ልጄ ታናግረኛለች። አጭር አጭር።

ታኅሣሥ 15

ሞተር ሳይክሏ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ሳያስነሣት። ፍሪሲዮኗን ይጨብጣል፣ ይለቃል።

"ከኳሱ ይሻላል፣ አባባ።" ቀና ሳይል ቀጠለ። "ያንን አደባባይ መዞር አለብኝ። ካልዞርኩት አይለቀኝም።"

"ይዘሃት ሂዳ።"

"ብቻዬን አይደለም። እርስዎ ከኋላዬ ይቀመጣሉ።"

"እኔ?"

"ያን ቀን እኔ እርስዎን አምኜ ወጣሁ። አሁን ተራው የእርስዎ ነው።"

ከሰው ኋላ ተቀምጬ አላውቅም። በዕድሜዬ። ትቼው ገባሁ። ባለቤቴ ፊቴን አይታ "ምን ሆንክ?" አለችኝ። "ምንም።" ውሸቴን ነው... ፈራሁ።

ታኅሣሥ 19

እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ሳይሞላ። ጎማውን እሱ ለካ፤ እኔ አልነካሁም። ወጣሁና ከኋላው ተቀመጥኩ።

ለካስ እንዲህ ነው። መሪ የለም፣ ፍሬን የለም፤ የሚታየው የሰው ማጅራት ብቻ። እግሬ በሌለ ፍሬን ላይ ሦስት ጊዜ ረገጠ። እጄን የት እንደማደርገው ቸገረኝ፤ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

"አባባ፣ ይያዙኝ እንጂ! ቢወድቁብኝ እማማን ምን እላቸዋለሁ?"

ወገቡን ያዝኩ።

አደባባዩ ጋ ሲደርስ ጀርባው እንደ ሳንቃ ደረቀ። ማርሽ ቀነሰ። "ዘንበል በል" ልለው አፌ ላይ መጣ... ዋጥኩት። ዘነበለ። እኔም አብሬው ዘነበልኩ፤ ከኋላ ያለው ቀጥ ካለ ነጂውን ይጥለዋል። ዞርን። መውጫውን አለፈውና እንደገና ዞረ። ሦስተኛ ዞረ። አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ "መውጫው ጠፍቷችሁ ነው?" ብሎ ጮኸብን። አራተኛው ላይ ጀርባው ሲላላ በእጄ ተሰማኝ። ወጣን።

ቤት ስንወርድ ግራ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጓንቱን ማውለቅ አቃተው። ጣት በጣት እየሳብኩ አወለቅኩለት።  ቁልፉን ኪሱ ከቶ ወደ ቤቱ ገባ፤ ስጠኝ አላልኩትም።

ነገ ወፍጮ ቤት ተጠርቻለሁ። ይህ ጉልበት አያደርሰኝም፤ ለራሴ ልዋሽ አልችልም። ከሥራ በፊት ያደርሰኝ እንደሆነ ጠዋት በሩን አንኳኩቼ እጠይቀዋለሁ። እምቢ ቢልስ? ሊል ይችላል፤ መብቱ ነው።

ቢሆንም እጠይቀዋለሁ።