ሁለት ጊዜ የገባ ጨው

ለሆነው ሁሉ ተጠያቂዋ ማርዲያና ናት። ሰላምታዬን ሳላስቀድም እህታችንን መክሰሴን አትቀየሚኝ፤ ሌላው ቢቀር ይህ ይድረስሽ ብዬ ነው።

ለማትረሺኝ ታናሽ እህቴ ለጁስኒማር፤ እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ፣ ልጆችሽስ ደህና ናቸው? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ የማሌዥያ ዝናብ አባሰው? እኔ አላህ ይመስገን አለሁ። ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ለዒድ ስሄድ ደብዳቤዎቼን የምትጽፍልኝ ማርዲያና ነበረች፤ እሷን እያስጻፉ እሷን ማማት ደግሞ አይሆንም። ዘንድሮ በመስጊዱ የሴቶች ትምህርት ፊደል ቆጠርኩ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድም ሐሳቤን የሚያቃናልኝ የለም።

እንደ ወትሮው ረመዳን ሊያልቅ ሲል ከፔካንባሩ ተነሥቼ ማርዲያና ወደምትኖርበት ወደ እናታችን ቤት ወጣሁ። አውቶቡሱ በጠመዝማዛው መንገድ ሲያንገላታኝ ውሎ አመሻሽ ላይ አደረሰኝ። ዘመዱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር፤ አጎታችን ጃማሪስም ዱላቸውን ተደግፈው መጥተዋል።

ማግስቱ የጾሙ መጨረሻ ቀን ነው። መቼም አትረሺውም፣ የዒዱ ሬንዳንግ በዚያ ቀን ማለዳ ይጣድና የጎሽ ሥጋው በኮኮነት ወተት ውስጥ እስኪጠቁርና እስኪደርቅ ሲማሰል ይውላል። ሁሉም ጾመኛ ስለሆነ ማንም አይቀምስም። ለዚህ ነው ጨው የሚጨምረው አንድ እጅ ብቻ፣ እሱም የታላቋ እጅ የሆነው። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያ እጅ የኔ ነው።

ማድ ቤት ስገባ ድስቱ ተጥዷል። ማርዲያና ማማሰያውን እንደያዘች፣ “እትዬ፣ ደክሞሻል፤ ሄደሽ ከዘመዶቹ ጋር ተጫወቺ” አለችኝ። “ከመቼ ወዲህ ነው በእናቴ ቤት እንግዳ የሆንኩት?” ብላት፣ “ኧረ ምን በወጣሽ! ጭሱ ዓይንሽን እንዳይጎዳው ብዬ ነው እንጂ” አለችና ሳቀች። የጨው ማሰሮውን በዓይኔ ፈለግሁ። መደርደሪያው ላይ የለም፤ ከሩዙ ጆንያ ጀርባም የለም። ደብቃብኛለች። በገዛ እናቴ ቤት ጨው ልለምን? ወጣ አልኩና ከጎረቤታችን ከራባይኒ ጨው ተቀብዬ በሻሼ ጫፍ ቋጠርኩ። ማርዲያና እንጨት ልታመጣ ወደ ጓሮ ስትሄድ ጠብቄ እንደ ልማዴ በእፍኜ ጨመርኩ። እሷ ግን ቀድማ ጨምራ ኖሯል።

ጀምበር ስትጠልቅ በቴምር አፈጠርንና ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ሩዙና የካሳቫ ቅጠሉ ቀረበ፤ ሬንዳንጉ መሀል ገባ። አጎታችን ጃማሪስ ጎረሱ። ውኃ ጠጡ። ደግመው ጎረሱ፤ ደግመው ጠጡ። የቀረውም ሰው እየጎረሰ ወደ ሩዙ አቀረቀረ። ለኔ ግን ደህና ነበር። “ምነው አትበሉም?” አልኩ። አጎታችን ሳቃቸው እያመለጣቸው፣ “ልጄ ዳህኒያር፣ ይህን ጎሽ የገዛችሁት ከባሕር ውስጥ ነው እንዴ? አምና እንኳ ይሻል ነበር” አሉ።

“አምና ደግሞ ምን ሆነ?” አልኩ። እሳቸው መቼ ነገር ይዋጥላቸዋል! “አምናማ ማርዲያና ድንች ከታበት፣ ሌላ የኮኮነት ወተት ደፍታበት፣ አንቺ ሳታዪ አዳነችው” አሉኝ። ማርዲያና፣ “አጎቴ፣ ተዉ እንጂ!” ብላ ተቆጣች። ከዚያም ሁሉም እንዲሰማ፣ “ጨው ያበዛሁት እኔ ነኝ፤ ዘንግቼ ሁለቴ ጨመርኩ” አለች። ውሸቷን ነው፤ አንዱ የሷ፣ አንዱ የኔ ነው።

ለካ ምላሴ ጨው መለየት ትቶ ኖሯል። ዘመድ ሁሉ ሲያውቅ እኔ ብቻ አላውቅም። እዚህ ምራቴ ከሠራሁት ወጥ ላይ ተደብቃ ውኃ የምትጨምረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ማርዲያና አዝናልሽ ነው ትዪኝ ይሆናል። “እትዬ፣ ምላስሽ ደክሟል” ብትለኝ ምን ነበረበት? አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። እሷ ግን ከኋላ ከኋላዬ እያስተካከለች እንደ ሕፃን አጫወተችኝ። ይህን አልረሳላትም። ለመሆኑ አንቺስ ታውቂ ነበር? ደብዳቤው በሷ እጅ አልነበር የሚጻፈው? እውነቱን ጻፊልኝ፤ አሁን ራሴ አነበዋለሁ።

ለዒዱ ጠዋት ሥጋውን እንደ አምናው አድሳው እንግዳው ሁሉ በላ። ስትሸኘኝ በቀርከሃ የበሰለውን ሩዝ እቅፌ ውስጥ እየከተተች፣ “ለከርሞ እንዳትቀሪ፤ አንቺ ካላማሰልሽው ያርርብናል” አለችኝ። ፊቴን ሳልፈታ እሺ አልኳት።

ባለቤትሽን ቡርሃንን፣ አማትሽንም እጅ ነሥታችኋለች በይልኝ። ልጅሽ ዴስሚዋቲ ለወግ ለማዕረግ ትብቃ። የትንሹን ልጅሽን የአፍሪዛልን ጉንጭ ሳሚልኝ።

ለከርሞ እሄዳለሁ። እሳቱን አነዳለሁ፤ ማማሰያውንም ማንም አይቀማኝም። የጨው ማሰሮውን ግን ትደብቀውም ትተወውም፣ ከእንግዲህ በእናታችን ድስት ውስጥ ጨው አልጨምርም።

እህትሽ ዳህኒያር
ፔካንባሩ፣ ከዒድ በኋላ ባለው ዓርብ፣ ሰኔ 1986 እ.ኤ.አ.