የመልአኩ እግር

ልጄ፣ እንቅፋት አይምታሽ፤ የምትገቢበት ቤት ሁሉ በደግ ይቀበልሽ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ነው። የሚያፈሰውን የኩሽና ጣሪያ ጠግኜዋለሁ።

የአሮጌውን ቤተ ክርስቲያን፣ መልአክ የተቀረጸበትን የእንጨት በር የማደሱን ሥራ ለእኔ ሰጥተውኛል። የነቀዘውን አጽድቼ፣ የተሰነጠቀውን አጣብቄያለሁ። ያስቸገረኝ የሰው እጅ ነው። የሚጸልይ ሁሉ እየዳሰሰው የመልአኩ እግር ጣቶች አልቀዋል፤ አሁን ቁርጭምጭሚቱም እየሟሸሸ ነው። ስለዚህ ማንም እንዳይደርስበት በሳንቃ እያጠርኩት ነው።

እናትሽ ግን አልሰማ አለችኝ። ደብዳቤሽ ከቆመ ወዲህ በየማለዳው ሄዳ እግሩን ይዛ ትቆማለች።

"አንቺ ሴት፣ የስንት ዘመን ሥራ በእጅሽ ላብ አትጨርሺ" ብላት፣

"ታዲያ የልጄን ነገር ለማን ልንገር? ለመዶሻህ?" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እራቴን አቅርባልኝ ትተኛለች እንጂ አታናግረኝም።

እኔ ለማንም ብዬ ቃሌን አላጥፍም፤ ታውቂኛለሽ። ቄሱን እንኳ እግሩን እንዳይነኩ ከልክያለሁ። ሥራ በዝቶብሽ ይሆናል እላለሁ። ታመሽ እንደሆነ ግን አትደብቂን። በፖስታ ቤት በኩል ሳልፍ ያለ ጉዳይ መግባት አብዝቻለሁ። ለብርዱ ወፍራም ልብስ ልበሺ፤ ሳትበዪ ከቤት አትውጪ።

ፈጣሪ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ፤ ክፉ ቀን ደጅሽን አይወቀው።

አጥሩ ሊያልቅ አንድ ሳንቃ ቀርቶታል፤ እሷ በምትቆምበት በኩል ያለው ነው። ሚስማሩ ኪሴ ውስጥ ነው። እባክሽ ለእናትሽ ሁለት መስመር ጻፊላት። ደብዳቤሽ እስኪደርስ ያቺን ሳንቃ አልመታትም።

አባትሽ